ሥር የያዘ ሰው አይናገርም

አምቡላንሱ አቧራውን እያቦነነ አጠገቡ ሲቆም፣ ወግሪስ በሽርጡ ጫፍ የጠቀለለውን ሥር ደረቱ ላይ ለጠፈው። "ሥሩ ልጅህ እጅ እስኪገባ ድረስ ትንፍሽ እንዳትል፤ ከተናገርክ የያዝከው እንጨት ነው" ብላዋለች መድኃኒት አዋቂዋ አሮጊት። የአፋሮቹን የመንገድ ወሬ፣ ዳጉን፣ ሳይለዋወጥ ሰው አልፎ የማያውቅ ሽማግሌ፣ ከንጋት ጀምሮ የስንቱን ሰላምታ ሰምቶ እንዳልሰማ አልፏል።

"አባቴ፣ የወግሪስ ሰፈር በዚህ ነው አይደል?" አለች ነርሷ በመስኮቱ ብቅ ብላ። "ልጁን ምጥ ከያዛት ሁለት ቀኗ ነው ብለው ደውለውልን ነው።"

ሰፈሩ ግን ውሃ ፍለጋ ትናንት ከነበረበት ተነስቷል። ወግሪስ በበትሩ ወደ ኮረብታው ማዶ ጠቆመ። ራሱን ነቀነቀ፤ ደግሞ ጠቆመ።

ሾፌሩ ሳቀ። "ተይው እባክሽ፣ ቤቴ አድርሱኝ ማለቱ ነው። ሰፈሩን እኔ አውቀዋለሁ፤ ባለፈው ሳምንት ለክትባት ሄጃለሁ።" መኪናውን ወደ አሮጌው ሰፈር አስፈተለከው።

ወግሪስ ከንፈሩን ነክሶ ቆመ። ከዚያ አላስቻለውም። "ተመለሱ! ወግሪስ እኔ ነኝ! ልጄ ናት!" እያለ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ጮኸ፣ በበትሩ አየሩን እየመታ ሮጠ። ማንም አልሰማውም።

አቧራው ሲረጋ ሽርጡን ገለጥ አድርጎ ሥሩን አየው። ጠዋት ሲነቅለው እንደነበረው ነው፤ አፈሩ እንኳ ገና አልደረቀም። በጥንቃቄ መልሶ ጠቀለለው፤ ምንም እንዳልተናገረ ሰው አፉን ግጥም አድርጎ ወደ ልጁ መንገዱን ቀጠለ።