በቆቦ ሙቀት ጃኬት የማያወልቀው አስተማሪ

"ሁለቱንም እጅሽን ጠረጴዛው ላይ አድርጊ።"

ለጸሐፊነት ሊቀጠር የመጣው ተፈታኝ ሁሉ ዞሮ አያት።

የኡሙሰልማ ግራ እጅ ኪቦርዱ ላይ ነው። ቀኙ ግን ሻርፗ ውስጥ ገብቷል። ፈታኙ አቶ ይሁኔ ወረቀት የደበቀች መስሏቸዋል።

"አውጪው አልኩሽ እኮ።"

"የሚታይ ነገር የለውም ጋሼ…"

"ታዲያ ምን ያስደብቅሻል?"

አወጣችው።

ጣት የለውም።

ልጅ ሆና፣ ባደገችበት ዋጃ፣ ወፍጮ ቤት ውስጥ ጣቶቿን ቺንጋው፣ ወፍጮውን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ነው የወሰደባት።

አቶ ይሁኔ ደነገጡ። ክፉ ሰው አይደሉም፣ "ይቅርታ የኔ ልጅ" አሉ። ቀጥለው ግን ቅስሟን የሚሰብር ነገር ተናገሩ።

"ፈተናው በማውስ ነው የሚሠራው። ትእዛዙ 'ራይት ክሊክ አድርግ፣ ጎትት' ይላል። በምን ልትሠሪው ነው? ባትደክሚ ይሻልሻል።"

ልብ በሉ… ጊዜው ቆቦ ውስጥ ኮምፒዩተር ያለው መሥሪያ ቤት ገና ብርቅ የነበረበት ነው። የሚቀጠረው ጸሐፊ አንድ ብቻ ነው። ይሄን ካጣች ዋጃ ተመልሳ "እሷማ በዚያ እጇ ምን ልትሠራ" ሲሏት መኖር ነው።

እኔ ብሆን እዚያው አልቅሼ ወጥቼ ነበር። እሷ ግን የራያ ልጅ ናት…

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?"

"ጠይቂ።"

"የሚፈለገው ደብዳቤው ተስተካክሎ እንዲታተም ነው… ወይስ ማውሱ እንዲነካ?"

አቶ ይሁኔ የትእዛዙን ወረቀት እንደገና አዩት።

"ደብዳቤው ነው" አሉ።

"እንግዲያው ለእኔ ይተዉት።"

ቢስሚላህ ብላ ጀመረች።

ግራ እጇ ኪቦርዱ ላይ ይሮጣል… ጣት አልባው መዳፏ አንዱን ቁልፍ ደግፎ ይይዝላታል። ፋይሉን ከፈተች። አንቀጹን መረጠች፣ ቀዳች፣ ቦታው ላይ አስቀመጠች። ማውሱን ዞር ብላም አላየችው።

የሌሎቹ ማውስ ደግሞ… የቆቦን አቧራ ታውቁት የለ? ያኔ ማውስ ሆዱ ውስጥ ኳስ ነበረው፤ አቧራ ሲገባበት ወይ ፍንክች ይላል። አንዱ ጠረጴዛ ላይ ይደበድበዋል፣ አንዱ ገልብጦ ይነፋዋል።

ፕሪንተሩ መንጫጫት ጀመረ።

መጀመሪያ የወጣው የኡሙሰልማ ወረቀት ነበር።

አቶ ይሁኔ ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ስህተት ፈለጉ፣ አጡ።

"ማነው ያስተማረሽ?"

"ሙሉጌታ ግራኙ።"

ከኋላ አንዳንዶቹ ሳቁ። ያውቁታላ…

ሙሉጌታ ከደሴ መጥቶ መናኸሪያው አጠገብ የኮምፒዩተር ማሠልጠኛ የከፈተ ሰው ነው። በዚያ ሙቀት ጃኬት አያወልቅም። ቀኝ እጁን ከኪሱ አያወጣም። ሰሌዳ ላይ በግራ እጁ ሲጽፍ ዶሮ የጫረው ነው የሚመስለው። ተማሪዎቹ "ጋሼ፣ ይሄ ፊደል ነው ወይስ ካርታ?" እያሉ ሲስቁበት እሱም አብሯቸው ይስቃል።

ኡሙሰልማ እዚያ ቤት መጀመሪያ የሄደች ቀን ሳትመዘገብ ነው የተመለሰችው።

ግድግዳው ላይ የተለጠፈ መመሪያ ነበር… "ቀኝ እጅህን ማውሱ ላይ አድርግ። በአመልካች ጣትህ ተጫን። በመሃል ጣትህ…"

አንብባ ሳትጨርስ ሻርፗን እጇ ላይ ጎትታ ወጣች።

ሰንበትበት ብሎ ያን ቀን የመለሳት የሚኒባስ ረዳት ከማሠልጠኛው ዋጃ ድረስ መልእክት አመጣላት። "አዲስ መመሪያ መጥቷል፣ ነይ ተመዝገቢ ብለውሻል" አላት።

ሄደች። እውነትም ተቀይሯል… ስለ እጅና ስለ ጣት አንድም ቃል የለበትም። "ፋይሉን ምረጥ። ክፈት። ቅዳ። አትም።" ነው የሚለው። ከሥሩ ደግሞ ያንኑ በኪቦርድ እንዴት እንደሚሠሩት ተጽፏል። ማውስ የሚሻለው በማውስ ይሥራ ይላል።

ከአዲስ አበባ የተላከ መሰላት።

እንመለስ… የዚያኑ ቀን ውጤት ተለጠፈ። አንደኛ፣ ኡሙሰልማ።

ለአስተማሪዋ ልትነግር እየሮጠች ሄደች። በሩን እንኳ አላንኳኳችም።

ጃኬቱ ወንበር ላይ ተሰቅሏል። ሙሉጌታ ጎንበስ ብሎ ሰርተፍኬቷ ላይ ስሟን ይጽፋል…

በቀኝ እጁ።

ፊደሉ ደግሞ ቁም ጽሕፈት የተማረ ሰው ፊደል ነው። ዓይን ይስባል።

"ጋሼ… ግራኝ አይደሉም እንዴ?"

ቀና ብሎ አያት። ጃኬቱን ለማንሳት ረፍዷል።

"የዚያን ቀን ግድግዳው ላይ ስታነቢ አይቼሽ ነበር" አላት። "መመሪያውን የጻፍኩት እኔው ነኝ። የራሴን እጅ እያየሁ ነው የጻፍኩት። አንቺ ስትወጪ ገባኝ… ከዚያ ቀኝ እጄን ኪሴ ከትቼ ሁሉንም እንደ አዲስ ሞከርኩት። የቻልኩትን ጻፍኩ፣ ያቃተኝን ሌላ መንገድ ፈለግኩለት። ክፍል ውስጥም በአንድ እጅ የምትሠሪው አንቺ ብቻ እንዳትሆኚ ከኪሴ አላወጣሁትም።"

"ሲስቁብዎት ታዲያ ለምን አልነገሯቸውም?"

"ብነግራቸው አንቺን ነበር የሚያዩት። እኔን እያዩ ቢስቁ ይሻላል ብዬ ነው።"

ኡሙሰልማ ቆማ አለቀሰች። "አልሐምዱሊላህ" አለች።

ዛሬ የዚያ መሥሪያ ቤት የጸሐፊዎች ኃላፊ እሷ ናት። አቶ ይሁኔ በሚቀጥለው ቅጥር የፈተናውን ትእዛዝ ራሳቸው ቀየሩት… "ደብዳቤውን አስተካክላችሁ አትሙ። በሚመቻችሁ መንገድ።" ሰርተፍኬቷ ደግሞ ቢሮዋ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የገባ ሁሉ "ማነው እንዲህ አሳምሮ የጻፈው?" ይላታል።

"ግራኙ አስተማሪዬ" ትላለች እየሳቀች።

ትምህርቱ… ሰው አልቻለም ከማለታችን በፊት፣ ያስተማርንበትን መንገድ እስቲ በሱ ቦታ ሆነን እንሞክረው። ብዙ ጊዜ ጉድለቱ ያለው ሰውየው ላይ ሳይሆን መመሪያችን ላይ ነው። ደግሞም የሰውን ክብር ጠብቆ መርዳት ይቻላል፣ ማንም ሳያይ።

እናንተስ… እናንተ እንዳትሳቀቁ ብሎ፣ ሰው ሲስቅበት ዝም ያለ ሰው አላችሁ? ስሙን ኮሜንት ላይ ጻፉት፣ ዛሬ እንኳ ይታወቅለት።