ለሳፋ ዐሊ

«እጅህን!» አለ ዐሊ።

ኡወይስ እሳት እንደነካ ሰው እጁን ሰበሰበ። ካርቶኑን ወደ ጠረጴዛው ላስጠጋ ሲል ጣቱ የጠመንጃው ሰደፍ ላይ ሊያርፍ ለጥቂት ነበር።

«ስንቴ ልንገርህ? የመሣሪያ ካርድ የለህም። ካርድ የሌለው ሰው አይነካውም፤ ሕግ ነው።»

«ኧረ አልነካሁም፣ አባዬ።»

«አንተ ካርቶኑን ያዝ፣ ፕላስተሩን ቁረጥ። የኔን ሥራ ለኔ ተወው።»

የዐሊ ሥራ ግን ዛሬ አልፈጥን ብሏል። ዓይኑን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ሁሉን በዳሰሳ ነው የሚያገኘው። የጠመንጃውን መዝጊያ ብረት አውልቆ በጨርቅ ጠቀለለና ለብቻው በትንሿ ሳጥን አኖረው። ቀጥሎ ረጅሙን ጠመንጃ አንስቶ ካርቶኑ ውስጥ አስተኛው። ከመክደኑ በፊት ሰደፉን በመዳፉ ዳበስ አደረገ። ኡወይስ ያቺን ዳበሳ አያት። እኔን እንዲህ የዳበሰኝ መቼ ነበር ብሎ አሰበ፤ አልመጣለትም።

ጠመንጃው የሚሄደው እዚሁ ጀርመን፣ ባየርን ነው፣ ኑርንበርግ ከተማ፣ የኡወይስ እህት ሳፋ ዘንድ። ዐሊ ዚንድሊንገን ሰፈር ኬሚካል ፋብሪካ ይሠራ በነበረበት ጊዜ ከሥራ ጓደኞቹ ጋር የተኩስ ክለብ ገብቶ፣ ፈተናውን አልፎ፣ ፈቃድ አውጥቶ የገዛው ነው። ልጆቹ ከፍ ሲሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለቱንም ይዟቸው ይሄድ ነበር። ሳፋ ጆሮዋን ሸፍና አባቷ ጎን ቆመች። ኡወይስ ውጭ ዛፍ ሥር ተጋድሞ ደመና ሲያይ ዋለ። «ተዉት፣ እሱ ሕልም ላይ ነው» አለ ዐሊ፤ በዚያው ተዉት።

እንዲህም ሆኖ ማታ ማታ ስለ ወሎ ሲያወራላቸው፣ «እኛ አገር የአባት ጠመንጃ የሚወረሰው ለበኩር ልጅ ነው» ይል የነበረው ይኸው አባት ነው። በኩሩ ኡወይስ ነው። ሐኪም ቤት የሚያመላልሰው እሱ፣ መድኃኒቱን ዓይኑ ውስጥ የሚያንጠባጥብለትም እሱ። ሳፋ ከኑርንበርግ ደውላ «ፓፓ፣ የጦር መሣሪያ ካርዴን ሰጡኝ!» ብላ የጮኸች ቀን ግን፣ ጻይልስሃይም ያለው ይኸው ቤታቸው ሌላ ልጅ የተወለደበት አይመስልም ነበር።

«ጻፍ» አለ ዐሊ። «የተቀባይ ስም፣ ሳፋ ዐሊ።»

ኡወይስ እስክሪብቶውን እንዳነሳ ቀረ።

ሳፋ የላከችውን የካርዷን ፎቶ ለአባቱ ያነበበለት ራሱ ነው። ካርዱ የሚለው ሳፋ ሁሴን ነው። እዚህ አገር ሲገቡ የአያታቸው ስም የቤተሰብ ስም ተብሎ ተመዘገበና ሁሉም ሁሴን ሆነው ቀሩ። ዐሊ ግን ዛሬም ልጆቹን የሚጠራው እንደ አገሩ ነው፣ በራሱ ስም። ይህን መሰል ዕቃ ደግሞ ስሙ ከመታወቂያ ጋር ካልገጠመ ለማንም አይሰጥም። ወደመጣበት ይመለሳል።

አንድ ቃል ብቻ ይበቃ ነበር። አባዬ፣ ሁሴን ነው የሚባለው።

«ጻፍክ?»

«እየጻፍኩ ነው።»

ሳፋ ዐሊ። በትልልቁ፣ በላቲን ፊደል፣ እያንዳንዱን መስመር እያስተካከለ ጻፈው። በሕይወቱ እንዲህ አሳምሮ ጽፎ አያውቅም።

ደወሉ ጮኸ። ዕቃውን ሊወስድ የመጣው ሹፌር ዮውሃንስ የሚባል ኤርትራዊ ነበር፤ አማርኛው ትግርኛ ትግርኛ ይላል።

«ጠመንጃ ያላችሁት እናንተ ናችሁ?» አለ እየሳቀ። «አባቴ፣ ሰርግ አለ እንዴ? ለሙሽራ ሊተኮስ ነው?»

«ለልጄ ነው። ለሴት ልጄ።»

«ለሴት? ወይ ጉድ! ባሏን እግዜር ይርዳው!»

ዐሊ እስኪያስለው ሳቀ። ኡወይስ ፕላስተሩን ሳያስፈልግ ደግሞ ደጋግሞ አሸው።

ሹፌሩ ጎንበስ ብሎ አነበበ። «ሳፋ ዐሊ። መታወቂያዋም እንዲህ ነው የሚለው አይደል? ካልሆነ አይሰጧትም፤ ተመልሶ እዚሁ ነው የሚመጣው።»

«ስሟማ እኔ አይደለሁ እንዴ!» ዐሊ ደረቱን መታ። «ዐሊ እኔ ነኝ። አንተስ በአባትህ አይደል የምትጠራው?»

«ልክ ነዎት፣ አባቴ።» ጀርመናዊ ሹፌር ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ አይለቅም ነበር፤ ዮውሃንስ ግን የአባት ስም ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ የዚያው ባህል ሰው ነው። ቢሆንም ለደንቡ ወደ ልጁ ዞረ። «አይደል፣ ወንድሜ?»

ኡወይስ አባቱን አየ። የአባቱ ዓይኖች ወደ እሱ ዞረዋል፤ ጭጋግ ናቸው።

«አዎ» አለ።

ሹፌሩ ካርቶኑንና ትንሿን ሳጥን ይዞ ወረደ። መኪናው መንገዱን ይዞ ሲርቅ ኡወይስ በመስኮት አየው። የጠበቀው ደስታ አልመጣም። ቢመለስስ ወዴት ነው የሚመለሰው? አባቱ እጅ። እሱ ያው ካርቶን ያዥ ነው።

«የጠመንጃውን ካዝና አትዝጋው» አለ ዐሊ በበር በኩል፣ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደደገነ። «ባዶ ነው፤ አሁን ካርድ አይጠይቅም።»

ኡወይስ ክፍቱ ካዝና ፊት ቆመ። የዘይት ሽታ አለው። ከታች ያለው ምንጣፍ ሰደፉ ዓመት ከዓመት ያረፈበት ቦታ ላይ ጎድጉዷል። እጁን ሰዶ ጉድጓዱ ውስጥ አሳረፈው።

ከኩሽና የአባቱ ድምፅ ይሰማል። «አዎ ልጄ፣ አሁን ወሰደው... ስምሽን? ወንድምሽ ነው የጻፈው። እኔማ ምን ዓይን አለኝና አያለሁ? ግን ኡወይስ ካለ ዓይኔ አልጎደለም፤ እሱ ከጻፈው አበቃ።»

ኡወይስ ከጎድጓዳው ላይ እጁን አላነሳም። «እጅህን!» የሚለው ሰው አልነበረም።