የሩብ ሰዓት እሳት

ስንቅነሽ ከድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጣ የበቆሎ እሸቱን ሸለቀቀች። ለአንድ ቤተሰብ የሚፈቀደው እሳት በዓመት ሩብ ሰዓት ብቻ ነው። ያምናው ለእናቷ ተዝካር ዋለ። ዘንድሮ ዓይናቸው የደከመ አባቷ የበቆሎ ጥብስ አምሯቸዋል፤ ያያቸው ሐኪም ለከርሞ ይደርሳሉ አላለም።

ክብሪቱን ስትጭር እሳቱን ሊቆጣጠር የመጣው ጠባቂ ሰዓቱን አየ። ውሃ የሞላው ጀሪካን ከእግሩ ሥር ነው።

እንጨቱ ሲያያዝ አባቷ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«አባባ፣ በቆሎውን ልጣደውና...»

«ሳይመረቅ? ተይ እንጂ! የተጣላ ይታረቅ!»

«አሜን።»

«የሄደ በሰላም ይመለስ!»

«አሜን።»

ጎረቤቱን፣ ከብቱን፣ ዝናቡን በየተራ መረቁ። ሽማግሌ ሲመርቅ አይቋረጥም። ስንቅነሽ በቆሎውን እንደያዘች፣ ዓይኗን ከእሳቱ ሳትነቅል አሜን ትላለች። ጠባቂው ሰዓቱን አይቶ ጀሪካኑን አነሣ።

«አንተንም ልጄ፣ ከክፉ ይሰውርህ!»

«አሜን፣ አባቴ» አለና አንገቱን ደፍቶ ውሃውን እሳቱ ላይ አፈሰሰው።

አባቷ የፍሙን ጩኸት ሰምተው ፈገግ አሉ። «እሰይ፣ በሰለ?»

«ትንሽ ይብረድልዎ፣ አባባ።»

ጥሬውን በቆሎ በሽፋኑ መልሳ ጠቀለለችና ቦርሳዋ ውስጥ አስቀመጠችው።