በቡልኮ የተጠቀለለው

ጠመንጃውን ያላስመዘገበ ቤቱ ይፈተሻል ሲባል፣ እትዬ ጥሩወርቅ ሰፈሩ ሁሉ “የሟች ባላቸው ጠመንጃ” እያለ የሚፈራውን የቡልኮ ጥቅልል ታቅፈው፣ እየተራገሙ ቀበሌ ገቡ። ብቻቸውን ሲኖሩ የከብት ሌባ በራቸውን ያልደፈረው እሱን ፈርቶ ነው።

“በመበለት ጓዳ እናንተ ምን ቤት ናችሁ? ዛሬ እዚህ የተጻፈ ነገ ጠላ ቤት ይወራል!” ብለው መዝጋቢው ላይ ጮኹበት።

“እማማ፣ ይኼ እኮ የመንግሥት ምስጢር ነው። ከዚህች ክፍል አይወጣም።”

“ማል!”

ማለ። እሳቸውም በሩን ዘጉ፤ መሐላው አላጠግባቸው ብሎ መስኮቱንም ዘጉ፤ ከዚያ ቡልኮውን ፈቱለት። መዝጋቢው አየና እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ሳቁን እንደ ትኩስ ድንች አፉ ውስጥ ሲያገላብጥ እሳቸው ይባስ ጦፉ።

“ትስቃለህ? ወሬው ከወጣ በሬዎቼን ሌሊት የምትጠብቀው አንተ ነህ!” አሉት፤ መልሰው ጠቅልለው ወጡ።

በገበያው በኩል ዞረው ቤታቸው ሲደርሱ፣ ጎረቤታቸው አንጓች በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ ትጠብቃቸዋለች።

“እትዬ፣ በርበሬ ልወቅጥ ነበር” አለቻቸው፤ “ያን በቡልኮ የጠቀለሉትን ዘነዘና ያውሱኛል?”