ማንነትዎን ያረጋግጡ

ታናሽ እህቴ ማርላ የክሬዲት ነጥቧን፣ ባንክ ብድር ሲሰጥ የሚያየውን የታማኝነት ቁጥር፣ ሳትጠቅስ እህል አይወርድላትም። «ስምንት መቶ አሥራ አንድ!» ትላለች፣ እንደ ልጅ ስም እያቆላመጠች። ባልም ቤትም ያለኝ እኔ ነኝ፤ እሷ ያላት ነጥብ ብቻ ነው። ግን በቅናት ድብን የምለው እኔ ነኝ።

እሑድ ከምሳ በኋላ የራሴን የክሬዲት ሪፖርት ልይ ብዬ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ድረ ገጹ እንደ ልማዱ መጀመሪያ ማንነቴን ሊያጣራ ጠየቀኝ፦ ከነዚህ መንገዶች በየትኛው ላይ ኖረዋል?

አንዱንም አላውቀውም። «የትኛውም አይደለም» የሚለውን ነካሁ። ስህተት ነው አለኝ።

«አይ ኖሪን! ሰው ስለ ራሱ ተጠይቆ ይወድቃል?» ማርላ በሳቅ ፈረሰች። «እስቲ ዞር በይልኝ።»

ሁለተኛውን መንገድ ነካች። ልክ ነው አለ። የመኪናዬን ሞዴል ጠየቀ፤ እኔ ነድቼው የማላውቀውን መረጠች። ይህም ልክ ነው አለ። ከነዚህ ሰዎች ማንን ያውቃሉ? ሲል ግን አልቸኮለችም። ጣቷ የባሌ የድዋይት ስም ላይ ትንሽ ቆየ።

ገጹ ተከፈተ። ስሙ የእኔ ነው፣ አድራሻውም የእኔ። ነጥቡ ስምንት መቶ አሥራ አንድ።

አልዋሽም፣ ለአፍታ ደስ አለኝ።

ድዋይት ሣር ሲያጭድ ቆይቶ ላቡን እየጠረገ ገባ። ጎንበስ ብሎ ማርላን አንገቷ ላይ ሳማት።

«ኖሪንዬ፣ ምን እያየሽ ነው?» አላት።

ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ።

«ማርላ፣ አንቺ ደግሞ እስካሁን ቤትሽ አልሄድሽም?»