ሙንዚር ስድስት ጊዜ ይሞታል

ሙንዚር አራተኛ ሞቱን እየሞተ ነው። ቀይ ሸሚዝ ለብሶ ከሚበር ባጃጅ ላይ ተስፈንጥሮ ድንች የሞላ ጆንያ ላይ ይወድቃል፤ ባጃጁም ይፈነዳል። እናቱ እትዬ ጣይባ መስገጃቸውን እንኳ ሳያጥፉ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጠው በሳቅ ይንፈራፈራሉ።

«ና ተቀመጥ ደሜ» ይሉኛል። «የገደልከውን ልጅ እይልኝ!»

አዎ፣ ገዳዩ እኔ ነኝ። ደራሲውም አዘጋጁም ዋናው ተዋናይም እኔው ነኝ። በአንድ ሽጉጥ፣ አንዴም ጥይት ሳላጎርስ፣ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ሠላሳ ስድስት ሰው እፈጃለሁ። ሰው ስላልነበረን ስድስት ልጆች ሸሚዝ እየቀያየሩ ስድስት ስድስት ጊዜ ሞተውልኛል።

ደሴ ፒያሳ ያለው አዳራሽ ፊልሙን ሦስት ቀን አሳይቶ አወረደው። የመጀመሪያው ቀን ዐሥራ አንድ ሰው ገባ፤ ሰባቱ እኛው ነን። በሦስተኛው ቀን እትዬ ጣይባ ብቻቸውን ተቀምጠው ሲያልቅ «ድገሙት እንጂ!» ብለው ጮኹ። ይህን ፊልም የወደዱ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። ሙንዚር ከሄደ ወዲህ ሱብሂ ሰግደው፣ መብራት ካለ፣ በየቀኑ ያዩታል።

ውጭ፣ አጥሩ ሥር፣ ሼህ ጣሀና አራት ሽማግሌዎች ጋቢ ተከናንበው ቆመዋል። መርዶ የሚነገረው ፀሐይ ሳይወጣ ነው። እኔ ቀድሜ ገብቼ ሴትዮዋ ብቻቸውን መሆናቸውን፣ እጃቸው ላይ ቢላ ወይ እሳት አለመኖሩን አይቼ በሩን እንድከፍትላቸው ተልኬአለሁ። ወደ የመን ስትሻገር ከሰጠመችው ጀልባ የተረፈ የገራዶ ልጅ ትናንት ደውሏል። ሙንዚር ሲሰጥም በዓይኑ አይቷል።

ፊልሙ ቢሳካ ኖሮ ሙንዚር አይሄድም ነበር። ይህን ማንም አላለኝም፤ እኔው ነኝ ለራሴ የምለው፤ ከትናንት ጀምሮ እንቅልፍ የነሳኝም እሱ ነው።

«ቆይ ግን» ይላሉ እትዬ ጣይባ፣ «ቅድም የፈነዳው ባጃጅ እንዴት ደህና ሆኖ ተመለሰ?»

«ሌላ ባጃጅ ነው።»

«ታርጋው አንድ ነው እኮ! ወላሂ፣ አንተ ሰው መናቅ ታውቅበታለህ።»

አምስተኛው ሞት መጣ። ሙንዚር በአረንጓዴ ሸሚዝ ጣሪያ ላይ ቆሞ እግሩን በጥይት ይመታል፤ ደረቱን ይዞ ይሞታል። እሳቸው ጭናቸውን እየመቱ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ከልቤ ነው የሳቅሁት። ክፉ ፊልም አይደለም። ስንቀርጸው በከረምንባቸው አምስት ወራት እንደተደሰትነው ተደስተን አናውቅም።

ከውጭ የአንድ ሰው ሳል ተሰማ። ብድግ አልኩ።

«ተቀመጥ» አሉኝ፣ ወደ በሩ ሳይዞሩ። «አላለቀም።»

«እትዬ ጣይባ፣ እኔ...»

«አብሽር፣ ልጄ። አንተ መቼ ከረፋዱ በፊት ተነሥተህ ታውቃለህ? ገና ስትገባ አውቄአለሁ። አንዷ ቀርታለች፤ እሷን ልይ።»

ተቀመጥሁ። ሳቁ ፊታቸው ላይ እንዳለ ደርቋል።

ስድስተኛው ቦርከና ወንዝ ላይ ነው። ሙንዚር ነጭ ለብሷል። እተኩሳለሁ፣ በጀርባው ይወድቃል፣ ውሃው ይሸፍነዋል። በዚያ በጋ ወንዙ ጉልበት እንኳ አይደርስም ነበር፤ ጥልቅ እንዲመስል ካሜራውን መሬት ላይ አስተኝቼ ነው ያስቀረጽሁት። ሁልጊዜ እዚህ ላይ «በዚች ውሃ ነው የሰጠመው?» ብለው ያላግጡብኛል።

ዛሬ አላላገጡም። ውሃውን ትክ ብለው እያዩ፣ «ውሃ ነው፣ ደሜ?» አሉኝ።

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። እንዳዩኝ እንጃ፤ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ አልነቀሉም።

ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ሁለታችንም እናውቀዋለን። ቆርጬ መጣል ሲገባኝ የረሳኋት ቁራጭ አለች፤ አዳራሹ ውስጥ ያፏጩብን፣ እኔም ያፈርሁባት። ሙንዚር ቀረጻው ያለቀ መስሎት ከውሃው ብድግ ይላል፤ ፊቱን በሁለት እጁ ይጠርግና ወደ ካሜራው ይስቃል። «ብርዱ ገደለኝ አቦ!» ይላል።

እትዬ ጣይባ ሪሞቱን ተጫኑት። ምስሉ ቀጥ አለ።

ነጠላቸውን አስተካክለው ተከናነቡ። መስገጃውን አጠፉ፣ ጥግ ላይ አስቀመጡት።

«በል» አሉኝ፣ «አሁን በሩን ክፈትላቸው። ሽማግሎቹን ብርድ ላይ አታቁም።»

ከፈትሁት። ሼህ ጣሀ ጫማቸውን እያወለቁ ገቡ፣ ሌሎቹም ተከተሏቸው፤ አንዱ ቴሌቪዥኑን ሊያጠፋ እጁን ሲዘረጋ ያዝሁት። ሙንዚር ቦርከና መካከል ቆሟል፤ ከአገጩ ልትወርድ ያለች ጠብታ ተንጠልጥላለች።