የተልባ ዓይን

መነጽር ከቀረ ወዲህ ደብረ ብርሃን ውስጥ ዕድሜው የገፋ ሰው ሁሉ የሚያየው ዓይን ላይ በሚለጠፍ፣ ከተልባ በተሠራ ጥርት ያለ ጄል ነው። ወይዘሮ ቤዛዊትም ካስለጠፉ ስድስት ዓመታቸው ነው። ችግሩ ጄሉ እንባ ይጠጣል፤ ከጠጣ ያብጣል፤ ሲያብጥ ደግሞ የሚያዩትን ሁሉ ያገዝፍባቸዋል። ስለዚህ በቤታቸው ሽንኩርት የሚከትፉት ባለቤታቸው አቶ ናትናኤል ናቸው፣ ያውም ከአጥር ውጭ ወጥተው።

በልጃቸው በሶልያና ሠርግ ቀን ላያለቅሱ ምለው ነበር። ግን ሶልያና ቬሎዋን ለብሳ ከመኝታ ቤት ስትወጣ አልቻሉም፤ እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። በዚያው ቅጽበት ሙሽራው ኪሩቤል ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ አለ። ለወይዘሮ ቤዛዊት የታያቸው በርሜል የሚያህል ጭንቅላት ወደ እሳቸው ሲመጣ ነው።

"ኧረ በማርያም! አድኑኝ!" ብለው በእጃቸው የያዙትን እቅፍ አበባ አናቱ ላይ አሳረፉበት።

ዘፈኑ ቀጥ አለ። ኪሩቤል ቅጠሉን ከፀጉሩ ላይ እያራገፈ "እናቴ፣ እኔ እኮ ነኝ" አላቸው።

"ውይ፣ አንተ ነህ እንዴ? አፈር ልብላልህ!"

ሶልያና ሳቋን መቆጣጠር እያቃታት አጠገባቸው ተንበረከከች። "እማዬ፣ ነይ ላውልቅልሽ። ሲደርቅ ወደ ቦታው ይመለሳል።"

ወይዘሮ ቤዛዊት እጇን ይዘው ፊቷን ትክ ብለው አዩት። ሳሎኑን ሞልቶታል፤ በልጅነቷ ወድቃ ቅንድቧ ላይ የቀረው ጠባሳ ሳይቀር እንደ መንገድ ሰፍቶ ይታያቸዋል።

"ተዪው" አሏት። "ዛሬ ልትሄጂብኝ አይደል? እስክትወጪ ድረስ እንዲህ ግዙፍ ሆነሽ ልይሽ።"